የቆርቆሮ ተራ

ባምላኩ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ አልተኛም። እንዴት ብሎ ይተኛ? ሌሊቱን ግላስጎው በምትባል ዝናብ በማይሰለቻት የሰው አገር ከተማ፣ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቆሞ አድሮ፣ ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ እሱ ወደ አልጋው የሚገባ ፍጥረት ከሆነ ሰባት ወሩ ነው፤ መጋረጃው ብርሃን አይከለክልም፣ የቤቱ ባለቤት ሚስስ መክሌይ ምድር ቤት ሆነው ሬዲዮናቸውን ያስጮኻሉ፣ እሱ ደግሞ የእጅ ሰዓቱን በአገሩ አቆጣጠር እንደተሞላ ትቶታልና አሁን ደብረ ማርቆስ ስንት ሰዓት ይሆን ብሎ መደመር መቀነስ አያስፈልገውም፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። በስምንት ሰዓት ከሩብ እናቱ የት ናት? ሐኪም ቤቱ አጥር ሥር፣ ጋቢ ተከናንባ። ስንተኛ ናት? እንጃ። ታናሽ ወንድሙ ታረቀ የተራ ቁጥሯን ሊነግረው አፉን ሲከፍት ነው መስመሩ የተቋረጠው፤ ወይስ ነግሮት ኖሮ እሱ ነው ያልሰማው? ተገላበጠ። አልጋው ጮኸ። ስልክ መደወሉን ራሱ ተጠራጠረ፤ ከዚያ ግን ሚስስ መክሌይ "ከአፍሪካ ነው! ከአፍሪካ!" እያሉ ደረጃውን እየደበደቡ የወጡት ትዝ አለው፤ ያን ያህል ጩኸት በሕልም አይመጣም።

ስልክ ማለት ሦስት ደቂቃ ነው። ታረቀ ያንን ሦስት ደቂቃ ለማግኘት ትናንት ተመዝግቦ ደብረ ማርቆስ ቴሌ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ውሏል። "ሃሎ! ባምላኩ! እንዴት ነህ?" አለ ታናሽ ወንድሙ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተ እንዴት ናችሁ?" "እኛ ደህና ነን። አንተ ደህና ነህ ወይ? ጤናህስ?" "ደህና ነኝ። ሰዉ ሁሉ ደህና ነው? ዘመድ አዝማዱ?" "ሁሉም ደህና ነው፣ ተመስገን። አገሩስ ተስማማህ? ብርዱስ?" "ብርዱን ለምጄዋለሁ። አዝመራው እንዴት ነው?" "አዝመራው ማለፊያ ነው። ከብቱም ደህና ነው።" እንግዲህ ይታይ፤ ሁለት ጎልማሶች ባሕር አቋርጠው ስለ በሬ ይጠያየቃሉ። ሌላ ምን ያድርጉ? ሰላምታ ሳያዳርሱ ነገር መጀመር አልተማሩም፤ የማን ልጅ ይባላሉ? አንዲት የስልክ ቤት ሴት መሐል ገብታ በእንግሊዝኛ አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል ስትል ነው ባምላኩ "እማዬስ?" ያለው። "ደህና ናት" አለ ታረቀ። ከዚያ "ሐኪም ቤት ናት" አለ። "ምን ሆና?" "ሆዷን ነው። ተነፍቷል። ወደ ውጭ ካልወጣች አራት ቀኗ ነው፤ የቀመሰችው ሁሉ ይመለስባታል። በቃሬዛ ነው ያመጣናት።" "ሐኪሙ ምን አለ?" "የት አይቷት! ተራ ይዛለች። ፍቅረ ሥላሴ በር ላይ ሆኖ ግቢ ብሎ ለምኗታል፤ እሷ ግን ልጄ ያወጣውን ተራ እኔ እናቱ አላፈርስም ብላ… ደህና ነኝ ትላለች ከጋቢው ውስጥ ሆና። አንተ ንገራት እንጂ እኛስ አቅቶናል። እኔ እዚሁ ቴሌ ደጃፍ ነኝ፣ ቁጥሯ…" አለቀ። ሌላ ስልክ ቢመዘገብ የሚደርሰው ከነገ ወዲያ ነው አለችው ሴትዮዋ።

ከነገ ወዲያ! የተነፋ ሆድ፣ አራት ቀን፣ ማስመለስ፤ ይህን ለማወቅ ግላስጎው መምጣት አያስፈልግም፤ ድሬሰር ሆኖ ቁስል እያጠበ በሠራባቸው ዓመታት ጎጃም ውስጥ ስንቱን አይቷል፣ አንጀት ተጠምዝዞ ነው። ሐኪም ሆዱን በጊዜ ከቀደደው ሰው ይተርፋል፤ ከቆየ አንጀቱ ይበሰብስና ያበቃለታል። አንድ ቀን ቢኖራት ነው። ምናልባትም የላትም። እሱ ደግሞ ፒጃማ ለብሶ ጣሪያ ያያል። ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ማን ነው? ቅዳሜ ከሆነ ገበያተኛው ተጨምሮ መቶ ሰው ይቀድማታል። ቅዳሜ አይሁን፣ ጌታዬ፣ ቅዳሜ አይሁን አለና ትናንት ዓርብ እንደነበረ ትዝ አለው።

ልጄ ያወጣው ተራ። አዎ፣ እሱ ነው ያወጣው፣ ማን ይከለክላታል ብትኮራበት? ሐኪም ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሉማሜ መንገድ ላይ ነው፤ አንድ ሐኪም፣ ሁለት ድሬሰር፣ አንድ ዘበኛ። ከሉማሜ፣ ከይጁቤ፣ ከቆላው ሳይቀር በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣል፣ አጥሩ ዙሪያ ሰው በሰው ላይ ነው። ባምላኩ ሲቀጠር በበሩ የሚገባው ማን ነበር? ተሸካሚው ጉልበተኛ የሆነለት፣ በበቅሎ የመጣ፣ ከዘበኛው ጋር የሚተዋወቅ፣ ጠመንጃ ያነገተ። አቅመ ቢሱ ሦስት ቀን አጥር ሥር ያድራል። ይኼ ነገር አንጀቱን በላው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይቆራርጣል፤ የቆሎ ተማሪ ነበርና በሚስማር እየበሳ የግዕዝ ቁጥር ይጽፍበታል፣ ከአንድ እስከ መቶ፤ በየጫፉ ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው ክር። በማግስቱ ለመጣው ሁሉ በአመጣጡ አንገቱ ላይ አሰረለት። መጀመሪያ የመጣ መጀመሪያ ይገባል፤ ሌላ ነገር የለም። በዚያው ሳምንት ፊታውራሪ ቢተው ሪሃቸው ተነሥቶባቸው በሎሌ ታጅበው በበቅሎ መጡ። ባምላኩ ስልሳ አንድ ቁጥርን ሰጣቸው። ፊታውራሪ ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩት፣ ባምላኩን አዩት፣ ሣቁና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ፊታውራሪን ያስጠበቀ ድሬሰር! ገበያው ሁሉ ይህንኑ አወራ፤ ጥላነሽ፣ እናቱ፣ ከዚያ ቀን ጀምራ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ አረማመዷ ተለወጠ። ከአዲስ አበባ የመጣው ተቆጣጣሪም ያን ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ተሰልፎ ሲያየው እንዲህ ያለ ሥርዓት የትም አላየሁም አለ፤ ባምላኩ ለአሥራ ስምንት ወር ትምህርት ወደ ግላስጎው የተላከው በዚያ ነው። የመሰናበቻው ቀን እናቱ አንዲቷን ቆርቆሮ ለመታሰቢያ ስጠኝ ብላ ወስዳለች። ስንት ቁጥር ነበረች? ሰባት። ሰባት ትመስለኛለች አለ ጮክ ብሎ፣ ለማንም።

ሰዉ ለምን ዝም እንዳለ ተቆጣጣሪው አልጠየቀም። ባምላኩም አልጠየቀም። እዚያ አገር በሽተኛ ይሸፈናል፤ ፀሐይ እንዳይመታው፣ ነፋስ እንዳይገባው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ከራሱ እስከ እግሩ ጋቢ ይለብሳል፤ ሕመሙ በባሰ ቁጥር መሸፈኛው ይጠብቃል። የሰውን በሽተኛ መግለጥ ነውር ነው፣ ሴት ከሆነች ደግሞ አይታሰብም። ጨዋ ሰው በባዕድ ፊት አያቃስትም። ስለዚህ አጥር ሥር ያለው ሁሉ ነጭ ጥቅል ነው፤ እሾህ የወጋውም፣ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰውም፣ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ቆርቆሮው ብቻ ነው። አርባ ሦስት ቁጥር የታሰረላት ሴትም እንደዚያው ነበረች። ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ አንድ ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ቀን። ተሸካሚዎቹ አድርሰዋት ተመልሰዋል፣ ባሏ ብቻ አጠገቧ ተቀምጧል፣ ወፍራም፣ ፂሙ ያልተላጨ፣ ወይስ ቀጭን ነበር? መልኩ ይጠፋዋል። የማይጠፋው አነሣሡ ነው። ባምላኩ ውኃ ሊቀዳ በእግሯ ላይ ተሻግሮ ሦስት ጊዜ ያልፋል፣ ሦስቱንም ጊዜ ሰውየው ለክብሩ ብድግ ይላል። "ጌታዬ፣ ስንት ሰው ቀረን?" "ሃያ።" "እግዜር ይስጥልኝ።" ሄዶ ይመለሳል። "ጌታዬ?" "ስምንት ነው የቀራችሁ፣ አይዟችሁ።" "እግዜር ይስጥልኝ።" ከስምንቱ አንዱ ተረከዙን እሾህ የወጋው ነበር፤ አንዱ እከክ፣ ቅባቱን ራሱ ባምላኩ ነው የሰጠው፣ እንዲያውም ተጨዋውተዋል። ከዚያ "አርባ ሦስት!" አለ። ባልየው ጎንበስ ብሎ አናገራት። ደግሞ አናገራት። ከዚያ ጋቢውን ከፊቷ ገለጠ። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ኖሯል፤ ደሟ ከሥሯ ያለውን ጋቢ አልፎ ሣሩን አርሶታል፣ እሷም ጨዋ ናትና ምንም አላለች። መቼ እንደሞተች የሚያውቅ የለም። ሰውየው አልጮኸም። ቆርቆሮውን ከአንገቷ ፈታ፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገው፣ በሁለት እጁ ዘረጋለት። "ለሌላ ሰው ይሁን" አለ። ባምላኩም በሁለት እጁ ተቀበለው። እግዜር ያጽናህ አለውና፣ አዎ፣ ይህን አድርጓል፣ "አርባ አራት!" ብሎ ተጣራ።

መዝገብ ላይ የለችም። ስም የሚጻፈው ውስጥ፣ ካርድ ክፍል ነው፤ እሷ ውስጥ አልደረሰችም። ለሐኪሙ ሬሳ ነው ያመጡት አለው፤ ሰኞ ቆርቆሮውን ለአንድ ሳል ለያዘው ሽማግሌ ሰጠው፤ በሳምንቱ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ባምላኩ ተመሰገነ። አልዋሸም እኮ። የጠየቀው የለም። እንዲህ እያለ ራሱን ሲያጽናና አውሮፕላን ላይ ወጣ፣ እንዲህ እያለ እዚህ ደረሰ፣ እዚህ ደግሞ ሲስተር ፍሬዘር ጠበቁት።

ሲስተር ፍሬዘር የድንገተኛ ክፍሉ አለቃ ናቸው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ጫማቸው ሲጥ ሲጥ የሚል። እዚህም ሰው ሞልቶ ይፈስሳል፤ አግዳሚ ወንበሩ አይበቃም፤ ሲስተር ግን በየሩብ ሰዓቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራሉ፤ ማን ቀድሞ መጣ አይሉም፤ የእያንዳንዱን ፊት ቀና ያደርጋሉ፣ ጥፍሩን ጫን ብለው ያያሉ፣ ሻርፑን ይገልጣሉ፣ እጅዎ ለምን ቀዘቀዘ ይላሉ፤ ቀላሉን ለብቻ ወደ ጎን ክፍል ልከው በአንድ ድሬሰር ያስጨርሱታል፣ የባሰበትን ይዘው ይገባሉ። ባምላኩ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ዝም ያለ ሽማግሌ ነበር፤ ሲስተር ቆቡን አነሡና ባሬላ አምጡ አሉ። "ሲስተር፣ እኚህ ሰው ከስምንት ሰው ኋላ ነው የመጡት" አለ ባምላኩ፣ የተራ ነገር ደሙ ውስጥ ነዋ። "የመጡበትን ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይወቀው" አሉት፤ "እኔ የማየው ፊታቸውን ነው።" ሌላ ቀን ሻይ ሲጠጡ ስለ ቆርቆሮዎቹ በኩራት አወራቸው። በፊታውራሪው እስኪደክማቸው ሣቁ። ከዚያ ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው "ከልብሱ ሥር ያለው ምን እንደሆነ በምን ታውቁ ነበር?" ብለው ጠየቁት፤ እንዲሁ ለማወቅ ያህል። ባምላኩ ምን መለሰ? ሻዩ ጥሩ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ለፍቅረ ሥላሴ፣ ቦታውን ተረክቦ በር ላይ ለቆመው ወዳጁ፣ ስንት ጊዜ ደብዳቤ ጀመረ! ወንድሜ ሆይ፣ በሽተኞቹን ገልጠህ እያቸው። ለምን ብሎ ይጠይቀኛል፤ ምን እለዋለሁ? ቀደደው። ሰባት ወር ሙሉ መድኃኒቱን ይዞ ዝም አለ፤ በእነዚያ ሰባት ወራት አጥሩ ሥር ስንት ጥቅል እንደቀዘቀዘ እግዜር ነው የሚያውቀው። አሁን ደግሞ ከጥቅሎቹ አንዷ እናቱ ናት።

ተነሥቶ ተቀመጠ። እንቅልፉም ይቅር። ቴሌግራም አለ፤ አስቸኳይ የተባለው በሁለት ሦስት ሰዓት ይደርሳል ይላሉ፣ ታረቀም እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ በዝናቡ ወጣ፤ እየሄደ ቃሉን ያሰናዳል። ለፍቅረ ሥላሴ፣ እናቴን አስገባ። ምን ዋጋ አለው፣ ለምኗት እምቢ አለች እኮ። ጉልበት ተጠቅመው ቢያነሷት ሰዉ ምን ይላል፤ የድሬሰሩ እናት ስትመጣ ተራ ቀረ ይላል፤ እሷም ይህን ከምትሰማ ሞቷን ትመርጣለች፣ ያውቃታል። ታዲያ ተራው ተለውጧል ቢላትስ? ስለ እኔ ብሎ ነው የለወጠው ትላለች፣ ጋቢዋን ጠበቅ ታደርጋለች፣ ደህና ነኝ ትላለች። ቆርቆሮዋን ከማዕተቧ ጋር አስራ፣ በልጇ ሥርዓት ተኩራርታ፣ ልክ እንደዚያች ሴት ጨዋ ሆና፣ ዝም ብላ። መንገዱ መሐል ቆመ። መኪና ጮኸበት። እናቱን ከዚያ አጥር ሥር የሚያስነሣት አንድ ነገር ብቻ እንዳለ ገባው፤ ያንን ነገር ደግሞ ለቄስ እንኳ አልተናዘዘውም። እሱንም የሚያነበው እንዳላማው ነው! የደብረ ማርቆሱ የቴሌግራም ጸሐፊ፣ የሰው መልእክት ባለቤቱ ጆሮ ከመድረሱ በፊት ገበያው የሚያውቀው በእሱ ነው፤ ታረቀ የፈረንጅ ፊደል አይለይም፣ ጮክ ተብሎ ነው የሚነበብለት፣ የጃንሆይ ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት። ፊታውራሪን ያስጠበቀው ድሬሰር ነፍሰ ገዳይ ኖሯል! ያች ሴት ደግሞ ወንድሞች አሏት፣ ባል አላት። ባምላኩ ፈራ። እናቱን ይወዳል፣ ስሙንም ይወዳል፤ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ደርሶ ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደሚወድ ሳያውቅ ቆሞ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው፣ ለጥቂት ጊዜ አላወቀም።

ፖስታ ቤት ውስጥ ሰልፍ ነበር። ተሰለፈ። ፊት ለፊቱ የቆሙት ሴትዮ ጀርባ የእናቱን ጀርባ መሰለው፣ አልመሰለውም፣ ወረቀት ተቀበለና በፈረንጅ ፊደል አማርኛውን ጻፈ። "ለእናቴ ለጥላነሽ። ተራዬ ሰው ገድሏል። ጋቢ ተከናንባ ስትጠብቅ የሞተች ሴት አለች። እኔ ነኝ ያስጠበቅኋት። ደብቄ ነው የመጣሁ። ሥርዓቴ እንዳይገድልሽ ተገለጪና ግቢ። ፍቅረ ሥላሴ ሆይ ሁሉንም ገልጠህ እይ፣ የባሰበትን አስቀድም። ባምላኩ።" ጸሐፊዋ በእርሳስ ጫፍ እያንዳንዱን ቃል ነካች። "ምን ቋንቋ ነው?" "አማርኛ።" "የደስታ ነው የሐዘን?" አለችው፤ ለደስታ የተለየ ወረቀት አላቸው። ባምላኩ እንጃ አላት።

ከዚያ ሁለት ቀን ምን እንዳደረገ በቅጡ አያውቅም። ሥራ ሄዷል። ሲስተር ፍሬዘር ሲዞሩ ተከትሏቸው ዞሯል፤ አንዲት ሻርፕ የተከናነቡ አሮጊት ጋ ሲደርስ ሻርፑን ገልጦ "እማዬ፣ ከየት ላይ ነው የሚያምሽ?" ብሏል፣ በአማርኛ፤ ሴትዮዋም ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው ሆዳቸውን አሳይተውታል። ቀን ቀን ይጋደማል። በሰመመን አጥሩ ሥር ይሄዳል፣ ጋቢ ይገልጣል፣ ከሥሩ ሌላ ጋቢ አለ፣ ያንን ይገልጣል። በሦስተኛው ቀን ሰዓቱ ስድስት ሊል ሲል ሚስስ መክሌይ መጡ፤ አሁን አልጮኹም፣ በሩን ቀስ ብለው አንኳኩና ፖስታውን በሁለት እጃቸው ሰጡት። በሁለት እጁ ተቀበላቸው። አልከፈተውም። ሴትዮዋም አልሄዱም። "ክፈተው እንጂ፣ ልጄ" አሉት።

የእንዳላማው እጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ያልተጠየቀውን ሁሉ ጨምሮበታል። "እናትህ ገብታለች። ኦፕራሲዮን ሆናለች። ነቅታለች። ነገሩን ከሰማች ጀምሮ ታለቅሳለች። ፍቅረ ሥላሴ ሰዉን ሁሉ ገልጦ አይቷል። ከእሷ ሌላ ሦስት ሰው አስቀድሟል። ከተማው ብዙ ይላል። እናትህ ግን የምትለው ይህን ነው። የሟቿን የክርስትና ስም ቶሎ ላክልኝ። ቄሱ ያለ ስም አላሳስብም አሉኝ።"

ተነፈሰ። አለቀሰም፤ ሚስስ መክሌይ መሐረብ ሰጡት፤ አለች፣ በሕይወት አለች አላቸው፣ እሳቸውም የማን መሆኑን ሳይጠይቁ አብረውት አለቀሱ። ከዚያ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ዝናቡ አቁሟል። ፖስታ ቤት ደርሶ ተራውን ጠበቀ፣ ደረሰው፣ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ለእናቴ ለጥላነሽ ብሎ ጻፈ። ብዕሩን እንደያዘ ቆመ። ባልየው ሲያናግራት ምን ብሎ ጠርቷት ነበር? ሁለት ጊዜ እኮ ጠርቷታል፣ ባምላኩ በአንድ እርምጃ ርቀት ቆሞ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየዋል። ጸሐፊዋ ጨርሰሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ከኋላው ለቆሙት ሴትዮ "እርስዎ ይቅደሙ" አለና ወደ ጎን ወጣ። ከእሳቸው ኋላ የነበረውንም ሰው አሳለፈ። ቀጥሎ የነበረውንም። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ወረቀቱ ላይ ከእናቱ ስም በቀር ያለው አርባ ሦስት የሚል ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።